ኃይለኛ አውቶሞቢል ለጀማሪ ነጂ ቤተሰብ ሲሸጥ

በአውቶሞቢል መሸጫ ቤቶች ዘንድ አዘውትሮ የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ወላጆች መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ላገኘ ልጃቸው መኪና ሊገዙ ይመጣሉ፤ ልጁ መልኩና ፍጥነቱ የማረከውን ኃይለኛ መኪና ይመርጣል፤ ሻጩም ዋጋውን ከመነጋገር በቀር ሌላ ቃል ሳይናገር ሽያጩን ይፈጽማል። ሽያጩ በሕግ ረገድ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን የነጋዴ ስም በአንድ ቀን ሽያጭ የሚገነባ አይደለምና ነገሩ በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። በከተማችን የተለመደው ባለ 1 ሊትር ሞተር ቶዮታ ቪትዝ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ከቮልስቫገን አይዲ 4 ዓይነቶች አንዱ 204 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱም ከ2000 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ይልቁንም የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ወዲያውኑ ከፍተኛ የመጎተት ኃይሉን ይሰጣል። የሞተር ጩኸትም ሆነ የማርሽ ቅያሪ ስለሌለው ልምድ ያላካበተ ነጂ መፍጠኑን በጆሮው ሊለይ አይችልም።

የመኪና ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው በዚያች ቅጽበት 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። የዓለም የጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ሰዎች ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው የመንገድ አደጋ መሆኑን አስታውቋል።

ብዙ ወላጆች ልብ የማይሉት ሌላው ነገር የኃላፊነት ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ስለዚህ ሊብሬው በአባት ስም ከሆነ ተጠያቂው አባት ነው። በሕግ የተገደደው የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው አዋጁ በወሰነው መጠን ሲሆን፣ የራሱን የገዢውን መኪና አያስጠግንም።

እንግዲህ አስተዋይ ሻጭ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «መኪናውን የሚነዳው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ነጂው ጀማሪ ከሆነ ጉልበቱ መጠነኛ የሆነውን መኪና አስቀድሞ ያሳያል። ቤተሰቡ በኃይለኛው ቢጸና፣ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ ልጁ እንዲሞክረው ያደርጋል፤ መኪናው ጉልበት የሚቀንስ የአነዳድ ምርጫ ወይም የፍጥነት መገደቢያ ካለው አሠራሩን ያስተምራል፤ ሙሉ መድን መግባት እንደሚበጅም ይመክራል።

ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ምናልባት በዕለቱ ትርፉ ያንስ ይሆናል። ሆኖም ልጁ በሰላም ወጥቶ የሚገባለት ቤተሰብ ለሁለተኛ መኪና ወደዚያው መደብር ይመለሳል፤ ዘመድ ወዳጁንም ያመጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፣ ለነጂውም ለነጋዴውም የሚበጀው እርምጃን መጥኖ መጓዝ ነው።