ያለ ዱላ ስለሚደርስ ቍስል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በትዳር ውስጥ ያለ ዱላ የሚደርስ ቍስል አለ። አንዱ ግልጽ፥ ሁለተኛው ስውር ነው። ስድብ፥ ዛቻ፥ በሰው ፊት ማዋረድ ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ይሰማዋል። ማኩረፍ፥ መናቅ፥ ከዘመድ መለየት ግን ስውር ነው።

በመስቀል በዓል በአገና፥ ዘመድ ከየአገሩ ተሰብስቦ ክትፎው ቀርቦ ሳለ፥ ባል ሚስቱን ቢሰድባት ሽማግሌ «ነውር ነው» ብሎ ይገሥጸዋል። ወር ሙሉ ቢያኮርፋት፥ እናቷንም እንዳትጠይቅ ቢከለክላት ግን «ለቤቱ ይቀናል» ይባላል፤ እርስዋም «ቻይ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። እንዲህ ኃጢአት የምግባርን ልብስ ለብሶ ይኖራል። ሚስትም ባሏን በንቀት ብታቈስለው በደሉ ያው ነው።

በዚያው በጉራጌ ምድር በቡታጅራ ዙሪያ ተደርጎ የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ ባል ወይም ወዳጅ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶ 71ዱ የአካል ወይም የጾታ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥናቱ ዱላን ብቻ አልመረመረም፤ ማዋረድን፥ ማስፈራራትን፥ ከዘመድ መከልከልንም ጠየቀ። ብዙ ሴቶች ከዱላው ይልቅ የመንፈስ ስብራት እንደሚከብዳቸውም አመልክቷል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ከመቶ ሴቶች 63ቱ፥ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለዋል። ዱላ እንኳ ተገቢ ከተባለ፥ ንቀትን ማን በደል ይለዋል?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጕም፥ አገልጋይ እንኳ በፍርሃት ቢታሰር ፈጥኖ እንደሚኮበልል፥ የሕይወት ባልንጀራን ግን በዛቻ ሳይሆን በፍቅርና በየዋህነት መያዝ እንደሚገባ አስተምሯል። ቅዱስ ጳውሎስም ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ፥ መራራም እንዳይሆኑባቸው ለቈላስይስ ሰዎች ጽፏል። መራራነት ድምፅ ሳያሰማ እንደሚያቈስል ሐዋርያው ያውቅ ነበርና።

ስለዚህ ባል ሆይ፥ በንስሓ አባትህ ፊት «አልመታሁም» ብለህ አትጽደቅ፤ «አስፈራርቻለሁን? ንቄአለሁን?» ብለህ ራስህን መርምር። ሽማግሌዎችም «መታሽ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ባሏ በሌለበት «ትፈሪዋለሽን? ዘመዶችሽንስ ታያለሽን?» ብላችሁ ጠይቁ። የተበደልሽ እኅታችን ሆይ፥ ትዕግሥት በደልን መሸሸግ አይደለም፤ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

አምላካችን ቤታችንን በፍቅር ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።