ከመስክ ጉዞ በፊት የተሽከርካሪን ደህንነት ማረጋገጥ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስና ባህር ዳር የሚያመራ ተሽከርካሪ ጎሃ ጽዮንን እንዳለፈ የዓባይን በረሃ መውረድ ይጀምራል። መንገዱ ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው አምባ 1 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው ድልድይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሲሆን፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወደ ደጀን መልሶ ያሻቅባል። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ አቀበቱ ሞተርን የሚፈትን በመሆኑ በከተማ ውስጥ ሳይታወቅ የቆየ ጉድለት የሚጋለጠው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ነው።

ፍሬን ተሽከርካሪን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ያለ ፋታ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፤ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው ግን የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበትን የመምጠጥ ባህርይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ መጠን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጠር ፔዳሉ ሳይዝ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የጎደለውን ከመሙላት ባሻገር ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥና አጥብቆ መያዝ፣ ከዚያም ሞተሩን ማስነሳት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከቆመ የፍሬን አጋዡ ይሠራል ማለት ነው። ቀስ በቀስ መስመጡን ከቀጠለ ግን ጉዞው ቀርቶ ተሽከርካሪው ወደ ጋራዥ መሄድ ይኖርበታል። ደህና ፍሬን ያለው ተሽከርካሪም ቢሆን ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ከሚያተርፈው ይልቅ የሚያጠፋው ይበልጣል።

ወደ አዋሽ፣ ሚሌና ሰመራ ለሚወርድ ተጓዥ ቀዳሚው ስጋት ጎማ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ በሞቃት አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳም ይፈነዳል። የነፋሱ መጠን መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ሊያልፉት የማይገባው ከፍተኛ ልክ ነው።

የጎማው ዕድሜም በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተመልክቷል። 2315 የሚል ጎማ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ዓመቱ የአውሮፓውያን በመሆኑ በእኛ አቆጣጠር የሚያነበው ሰው ጎማውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አዲስ አድርጎ ይገምታል። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወገድ ይመክራሉ። መጠባበቂያው ጎማም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባል፤ ሳይነካ ስለኖረ አዲስ የሚመስለው አሮጌው እርሱ ነውና። ጎሚስታ ዘንድ ጎማ የተቀየረለት ተሽከርካሪ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ብሎኖቹ ዳግም መጥበቅ አለባቸው።

በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አምቆ በመያዝ መፍላቱን የሚያዘገይ በመሆኑ ጎማው የደረቀ ክዳን በአቀበት ላይ ሞተር ሊያስቃጥል ይችላል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ግን ፊትንና እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ቺንጋ፣ ክሪክ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንና የኋላ ተቀማጮች የደህንነት ቀበቶ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ የሚታዩ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ጊዜ ሲኖር ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የጉዞ ትእዛዝ ለሾፌሩ የሚደርሰው በዋዜማው አመሻሽ ላይ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ወይም የቡድን መሪው ንጋት 11 ሰዓት እንዲነሱ ሲያዝ ሾፌሩ ፍሬኑ ያሳሰበው ቢሆንም ዝም ይላል። የስምሪት ክፍሉ ትእዛዙን ቢያንስ ከሁለት ቀናት በፊት ቢሰጥና ሾፌሩ ጉድለት ሲያገኝ ጉዞውን የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ቢኖረው ብዙው ይቃለላል። ምርመራው ለመልሱ ጉዞም ያስፈልጋል፤ ባዶ የወጣ መኪና ጤፍ፣ ከሰልና ማር ተጭኖበት ሲመለስ ያንኑ ቁልቁለት በሌላ ክብደት ነውና የሚወርደው።