የኬሚስትሪ ላብ እና ቢጫው ጀሪካን

አዲስ ተማሪ ኬሚስትሪ ላብ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መደርደሪያው ነው። «ሰልፈሪክ አሲድ» የሚል ጽሑፍ ያየ እንደሆነ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። እኔ የማላውቀው ላብ ስገባ የማየው ቧንቧውን ነው። እከፍተዋለሁ። ውሃ ከመጣ ጥሩ፤ ካልመጣ ጥግ ላይ የተሞላ ጀሪካን እፈልጋለሁ። ሁለቱም ከሌሉ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የሎሚ ጭማቂ እንኳ ቢሆን የዚያን ቀን ተማሪ ባይገባ እመርጣለሁ።

የጀማሪ ላብ እንደሚወራለት አይደለም። የሚፈነዳ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ጨው ይሟሟል፣ ዱቄት ይመዘናል፣ ውሃ ይፈላል፣ ከቡሬት ጠብ ጠብ እያለ የወረደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፌኖልፍታሊን ያለበትን አሲድ በመጨረሻ ሮዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ተራ የሚመስለው ለለመደው ነው። የወለጋዋን ነቀምቴን ውሰዱ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ጊምቢና ሻምቡም ካምፓስ አለው፤ ደምቢ ዶሎ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። የፍሬሽማን ፕሮግራም ከተመለሰበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኬሚስት የመሆን ሐሳብ የሌለውም የተፈጥሮ ሳይንስ ልጅ ጀነራል ኬሚስትሪ ሊደርሰው ይችላል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ቢከርን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው። ታላላቆቻቸው ያዩት በ1990ዎቹ መጨረሻ በየትምህርት ቤቱ በተተከለው ፕላዝማ ላይ ነበር። ፕላዝማው ላይ ደግሞ ማንም ላይ ምንም አይረጭም።

ዋና ዋናዎቹን ሕጎች ማንም ያውቃቸዋልና ቶሎ ልለፋቸው። መነጽር ዓይን ላይ ይደረጋል፤ ግንባር ላይ አይደለም። ጋውን ይቆለፋል። ጫማ ጣትን የሚሸፍን ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ለሻወር ነው። ፀጉር ይታሰራል፣ ሻርፕና ነጠላ ውጭ ይቀራል። አይበላም፣ አይጠጣም፤ የጋውን ኪስ የቆሎ ማስቀመጫ አይደለም። ብቻን አይሠራም። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ አይነካም። በፒፔት የሚሳበው በላስቲክ መሳቢያው ነው፤ በአፍ የሚስብ ሰው ካያችሁ፣ መምህሩም ቢሆን፣ አስቁሙት። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ የተጠናከረው ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ 1.84 እጥፍ ስለሚከብድ ከላይ የተጨመረው ውሃ ላዩ ላይ ቀርቶ እዚያው ይፈላና ይረጫል። ይህን ሁሉ ማንዋሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ተማሪውም አንብቤአለሁ ብሎ ይፈርማል፤ አያነበውም።

ማንዋሉ በአንድ መስመር የሚያልፈው ውሃውን ነው፤ «በብዙ ውሃ ታጠብ» ይላል። ብዙ ማለት ስንት ነው?

ከዚያ በፊት ግን ከተማሪ አእምሮ አልወጣ ያለ አንድ እምነት አለ፤ አሲድ ከፈሰሰብህ ቤዝ አፍስስበት፣ ቤዝ ከነካህ አሲድ ጨምርበት የሚለው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ፈተና ላይም ሙሉ ማርክ ያሰጣል። ችግሩ ማጣፋቱ በነጻ አለመሆኑ ነው። ጠንካራ አሲድና ጠንካራ ቤዝ ተገናኝተው አንድ ሞል ውሃ ሲሠሩ ወደ 57 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃሉ። ይህ አንድ ሊትር ውሃን ከ13 ዲግሪ በላይ ያሞቃል። ዓይን ላይ ደግሞ ሙቀቱን የሚካፈል አንድ ሊትር ውሃ የለም፤ ያለችው ጠብታ ናት፣ ከሥሯም ኮርኒያ። ደግሞስ ስንት ቤዝ ይበቃል? ቡሬት ይዞ የጓደኛውን ዓይን ታይትሬት የሚያደርግ የለም። ቢያንስ አሲዱ ይቀራል፣ ቢበዛ ትርፉ በተራው ያቃጥላል። ቤኪንግ ሶዳው የት እንዳለ ሲፈለግ፣ ማንኪያ ሲፈለግ፣ «በስንት ሞላሪቲ ይሁን?» ሲባል የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ አይመለስም።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ አንድ ልጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲቀዳ ዓይኑ ላይ ተረጨበት። ሁለት ጓደኞቹ ወዲያው ወደ መደርደሪያው ሮጡ፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት ሊበጠብጡ። አንጋፋው ቴክኒሽያን አንድ ቃል ሳይናገሩ ልጁን በማጅራቱ ይዘው ሲንኩ ላይ አጎነበሱትና ጀሪካኑን እንዲያዘነብል ሌላውን አዘዙ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ተሽሎኛል፣ ይበቃል» አለ።

«ገና ነው ልጄ። ጎንበስ በል።»

«እውነቴን ነው፣ አያቃጥለኝም እኮ!»

«እሰየው። ጎንበስ በል።»

እጃቸውን ከማጅራቱ ያነሱት የግድግዳው ሰዓት ሩብ ሰዓት ከቆጠረ በኋላ ነው፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ላኩት። ልጁ ዓይኑ ተርፏል። ባይካርቦኔቱን የበጠበጡት ሁለቱ ቢከራቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

እንግዲህ ሩብ ሰዓቱን በሊትር እንመንዝረው። በዓለም ላይ በስፋት የሚጠቀሰው የአሜሪካ ደረጃ፣ አንሲ ዜድ 358.1 የሚባለው፣ የዓይን ማጠቢያ ቢያንስ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ እንዲያፈስ ይጠይቃል። 22.5 ሊትር መሆኑ ነው። ቢጫው ጀሪካናችን 20 ሊትር ይይዛል። ነቀምቴ ላይ፣ በከኒሳ ቀሴም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ውሃ ሲቋረጥ ቤተሰብ አንድ ጀሪካን እንዴት እንደሚያብቃቃ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ሊገርመው ይችላል፤ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ አንድ ጀሪካን አይበቃም። ስለዚህ ቧንቧው የሚያስተማምን ካልሆነ ሁለት ጀሪካን ተሞልቶ ይቀመጥ። ልብስ አስወልቆ ከራስ እስከ እግር የሚያጥበው ሻወር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ደረጃው በደቂቃ 75 ሊትር ግድም ይላል፣ በ15 ደቂቃ ከ1100 ሊትር በላይ። ጣሪያ ላይ ያለ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አንድ ሰው አያደርስም። ሻወር የተባለውን ቱቦ ኮርኒስ ላይ ሰቅሎ «ሴፍቲ ተሟልቷል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ኃላፊ ሮቶውን ወጥቶ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ደረጃው ሌላም ይላል። ማጠቢያው አደጋው ከደረሰበት ቦታ በ10 ሰከንድ የሚደረስበት መሆን አለበት። 10 ሰከንድ ዓይኑ ለሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ዓይኑን ለጨፈነ ግን በርጩማውና መሬት ላይ የተጣለው ቦርሳ ይቆጠራሉ። እኒያው ቴክኒሽያን የመጀመሪያውን ቀን ላብ የሚጀምሩት ተማሪውን ዓይኑን አስጨፍነው ከተቀመጠበት ተነስቶ ሲንኩን በእጁ እንዲያገኝ በማድረግ ነበር። ይሳቃል፤ አንዱ ሌላውን ይረግጣል፤ አንዷ በሩን ከፍታ ኮሪደር ላይ ትገኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቦርሳ መሬት ላይ የሚጥል አይኖርም። ሃያ ገጽ ማንዋል ያላመጣውን ይህ ጨዋታ ሲያመጣ ስላየሁ ማንም መምህር ቢሰርቀው ደስ ይለኛል።

የውሃው ሙቀትም ተጽፏል፤ ከ16 እስከ 38 ዲግሪ። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በክረምት ጠዋት ከቧንቧ በቀጥታ የመጣ ውሃ ዓይን ላይ ሲፈስ ሰው ሁለት ደቂቃ አይቆምለትም፤ ቅዝቃዜው ራሱ ያስሸሸዋል። ክፍል ውስጥ ያደረ ጀሪካን እዚህ ላይ ከቧንቧው ይሻላል። ግን በየሳምንቱ ይገለበጥ፤ የቆየ ውሃ ለዓይን አይሰጥም። ቧንቧውም ቢሆን በየሳምንቱ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ የተጠራቀመው ዝገት ይውጣለት።

ሲታጠብ የዓይን ቆብ በሁለት ጣት ተከፍቶ ይያዛል፤ ዓይን በራሱ ፈቃድ ክፍት አይቆይምና። ኮንታክት ሌንስ ካለ እየታጠበ ይወጣል። ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ የተጎዳችው ዓይን ከታች ትሁን፤ አለበለዚያ እጣቢው ወደ ጤነኛዋ ይሄዳል። ታካሚው ዓይኑን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያንከባልል። ደረቅ ዱቄት፣ ለምሳሌ ኖራ፣ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ መጀመሪያ ይራገፋል፣ ከዚያ ይታጠባል።

ውሃውን ካነሳሁ አይቀር ስለ ቤዝ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው አሲድ እየፈራ ቤዝን ይንቃልና። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሳሙና ሠሪዎች ካስቲክ ሶዳ የሚሉት፣ ጣት ሲነካው መጀመሪያ አያቃጥልም፤ ያሙለጨልጫል። ተማሪው ጣቱን እያሻሸ «ሳሙና ይመስላል» ይላል። ሳሙና ነው! የገዛ ቆዳው ቅባት ነው ወደ ሳሙና እየተለወጠ ያለው። አሲድ ብዙውን ጊዜ የነካውን ፕሮቲን አርግቶ ለራሱ መንገድ ይዘጋል፤ ቤዝ ግን ሥጋውን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለዓይን የሚከፋው እሱ ነው፤ ከሩብ ሰዓትም በላይ መታጠብ ያሻዋል።

የቤቱን በረኪና ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማደባለቅ ክሎሪን ጋዝ እንደሚያወጣ አንድ ሴሚስተር የተማረ ልጅ ለእናቱ ካልነገራት ደግሞ የተማረው ለማን እንደሆነ አይገባኝም።

ጓንትን በተመለከተ ብዙ አልልም። በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዳርትማውዝ ኮሌጇ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በላቴክስ ጓንቷ ላይ ጥቂት የዳይሜቲል ሜርኩሪ ጠብታ ወደቀባት፤ ጓንቱን አልፎ ገባ፤ በዓመቱ በሰኔ ወር ሞተች። ጀማሪ ላብ ውስጥ እንዲህ ያለ ኬሚካል አይገኝም፤ ነገር ግን ጓንት ከሁሉ ነገር ያድናል ብሎ በዚያው ጓንት ስልኩን፣ የበሩን እጀታና አፍንጫውን ለሚነካው ልጅ ታሪኳ ቢነገረው አይጎዳም።

የአልኮል ኩራዝ ከሌላ ኩራዝ አይለኮስም፤ በትንፋሽም አይጠፋም፤ ክዳኑ ይደፋበታል። ገና ትኩስ ሳለ አልኮል የሚጨምርበትን ሰው ከላብ ማስወጣት ግፍ አይደለም። የተረፈ ኬሚካል ወደ መጣበት ጠርሙስ አይመለስም። ሲንክ ውስጥ የሚደፋውንና የማይደፋውን ጠይቁ።

ላቡ ከተማሪው የሚጠብቀው ሌላው ነገር ደብተር ላይ ያለው ነው። ያያችሁትን ጻፉ፤ በእስክሪብቶ፤ ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙ። ሲኒየር ከሰጣችሁ ሪፖርት የመገልበጥን ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2090 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 590 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግድም ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 760 ነው። ግፊቱ ዝቅ ስላለ ውሃው የሚፈላው 93 ዲግሪ ላይ ነው። ቢከሩ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆሞ እሳት ብትጨምሩበትም ንቅንቅ አይልም። ይህን በዓይኑ አይቶ ሪፖርቱ ላይ «100 ዲግሪ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየሴሚስተሩ አይጠፋም፤ መጽሐፉ 100 ስላለ። ነቀምቴ ላይ 100 ዲግሪ የፈላ ንጹህ ውሃ፣ ክዳኑ ገጥሞ በተዘጋ የግፊት ድስት ውስጥ ካልሆነ በቀር የለም፤ ስለዚህ መምህሩ ማን ላብ እንደሠራና ማን ካፌ እንደተቀመጠ ለማወቅ ሁለተኛ ገጽ ማንበብ አያስፈልገውም። 93 የጻፈው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል! ይልቅ ግፊቱን ከጎኑ ይጻፍበት።

ሻምቡ ላይ ወደ 2500 ሜትር ስለምትወጡ 92 ግድም ታነባላችሁ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ለቴክኒሽያኑ እንዳትመልሱባቸው።