መተግበሪያው ከእኛ በፊት በማን እጅ አለፈ?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአሶሳ፣ ከዚያም አልፎ በባምባሲ፣ በመንጌና በኩርሙክ ዘመናዊ የእጅ ስልክ የሚገዛ ሰው፣ በሌሎች የአገራችን ከተሞች እንደሚገዛው ሁሉ፣ ስልኩን እንደታሸገ ወደ ቤቱ የሚወስደው ከስንት አንዴ ነው። ሻጩ ወይም አጠገቡ ያለው የስልክ ጥገና ባለሙያ ቴሌግራሙን፣ ዋትስአፑን፣ የቪዲዮ ማጫወቻውን ይጭንለታል። የቀረውን ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ወይም በሼርኢት ይቀበላል፤ አልያም በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ፋይል አውርዶ ይከፍታል። ይህ ልማድ ከስንፍና የመነጨ አይደለም። የኢንተርኔት ጥቅል በገንዘብ በሚገዛበትና ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ስፍራ፣ ብዙ ሜጋባይት የሚመዝን መተግበሪያን ከጓደኛ ስልክ ያለ ወጪ መቀበል ብልኅነት ነው። ስለዚህ «ከጉግል ፕሌይ በቀር ከየትም አትጫኑ» የሚለው የተለመደ ምክር፣ ትክክል ቢሆንም፣ ለአሶሳ አንባቢ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ መተግበሪያው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእነማን እጅ እንዳለፈ፣ ከደረሰም በኋላ ምን ምን እንዲያደርግ እንደተፈቀደለት መጠየቅ ነው።

በባለሙያዎች አነጋገር «የሦስተኛ ወገን መተግበሪያ» የሚባለው ስልኩን የሠራው ኩባንያም ሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ያዘጋጀው ድርጅት ያልሠራው፣ ሌላ ወገን ያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ቴሌግራምም፣ ቴሌብርም፣ ከየትም የተለቀመ ጨዋታም እኩል የሦስተኛ ወገን ናቸው። ስያሜው ብቻውን አደጋውን አይለካም ማለት ነው።

አጥሩና በሩ

በአገራችን ገበያ የሚገኘው አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ የሚሠራው በአንድሮይድ ነው። አንድሮይድ እያንዳንዱን መተግበሪያ በራሱ አጥር ግቢ ውስጥ ያኖረዋል፤ አንዱ የሌላውን የግል ፋይል እንዳሻው ከፍቶ ማንበብ አይችልም። ከአጥሩ ወጥቶ ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑን፣ የስልክ ቁጥር መዝገቡን፣ አጭር የጽሑፍ መልእክቱን ወይም ባለቤቱ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ሲፈልግ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሮይድ 6 እስኪወጣ ድረስ ፈቃዱ የሚጠየቀው መተግበሪያው ሲጫን፣ በአንድ ጊዜ ነበር፤ ምርጫውም ሁሉንም መቀበል ወይም መተግበሪያውን መተው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ፈቃዶች ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ የተሰጠውንም በኋላ መንፈግ ይቻላል።

እንግዲህ በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ራሱ ነው። የእጅ ባትሪ ሆኖ ከማብራት በቀር ሥራ የሌለው ፕሮግራም የስልክ ቁጥር መዝገባችን ምን ያደርግለታል? መዝገቡ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያሉት የእናት፣ የመምህር፣ የደንበኛና የጎረቤት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዳቸውም «ፍቀድ» የምትለዋን ቃል አልነኩም። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ከዚህም የከፋ ነው፤ ባንኮችና የክፍያ አገልግሎቶች ለማረጋገጫ የሚልኩት የአንድ ጊዜ ቁጥር የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነውና። ከሁሉ የሚብሰው ግን ለማየት ለተሳናቸውና የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች መገልገያ ተብሎ የተዘጋጀው የተደራሽነት አገልግሎት ነው። ይህን ፈቃድ ያገኘ መተግበሪያ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ማንበብና በባለቤቱ ምትክ ቁልፎችን መንካት ይችላል። ለበጎ የታሰበ ነገር ነው፤ ለዓይነ ስውር ስክሪን የሚያነብለት ፕሮግራም ያለ እርሱ ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን ጨዋታ ወይም የቪዲዮ ማጫወቻ ይህን ፈቃድ ሲጠይቅ ያለ ማመንታት መንፈግ፣ መተግበሪያውንም ማጥፋት ይገባል ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ በክልሉ በተለይ የሚታይ አንድ ነገር አለ። የፈቃድ መጠየቂያው ጽሑፍ የሚወጣው በእንግሊዝኛ ወይም፣ የስልኩ ቋንቋ ከተቀየረ፣ በአማርኛ ነው። አፉን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሽናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ ለፈታና ሌላውን አጥርቶ ለማያነብ ሰው፣ ጽሑፉ ሥራን የሚያደናቅፍ መጋረጃ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ቶሎ ነክቶ ያልፈዋል። ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ሲጭንለት ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ያ ሌላ ሰው ነው። የስልኩ ባለቤት ምን እንደተፈቀደ ላያውቅ ይችላል።

ጉዳዩ ከመሸማቀቅ ያለፈ የሚሆነው ስልኩ የገንዘብ ቦርሳ በመሆኑ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር በአሁኑ ጊዜ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። ከባንክ ቅርንጫፍ ርቆ የሚኖር ነጋዴ ወይም ለልጁ ወደ አሶሳ ወጪ የሚልክ ገበሬ፣ የሚያስተላልፈው ገንዘብ በዚያች ስክሪን ላይ ያልፋል።

ማኅተሙ

አሁን ወደ ዜንደሩ እንመለስ። ከጓደኛ ስልክ የተቀዳ መተግበሪያ ሁሉ አደገኛ ነውን? አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት የመተግበሪያ ፋይል እንዴት እንደሚታተም ማወቅ ያስፈልጋል። ማንኛውም የአንድሮይድ መተግበሪያ ሲዘጋጅ ሠሪው እርሱ ብቻ በሚያውቀው የምሥጢር ቁልፍ ይፈርምበታል። ፊርማው ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ስለሆነ፣ ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር ማኅተሙ ይፈርሳል። ስለዚህ ጓደኛችን ከጉግል ፕሌይ ያወረደውን መተግበሪያ እንዳለ ቢቀዳልን የተቀበልነው ዋናውን ነው፤ መንገዱ ዜንደር መሆኑ ይዘቱን አይለውጠውም።

ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ተንኮለኛ ዋናውን ፋይል ፈትቶ የራሱን ኮድ ከጨመረበት በኋላ በራሱ ቁልፍ እንደገና ሊያትመው ይችላል። አንድሮይድ መተግበሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጭን የሚመረምረው ማኅተሙ ያልተሰበረ መሆኑን ብቻ ነው፤ የማን ማኅተም እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በኋላ፣ በዚያው ስም አዲስ ዕትም ሲመጣ ነው፤ የአዲሱ ማኅተም ከቀድሞው ጋር ካልተመሳሰለ አይቀበለውም። ከዚህ አንድ ጠቃሚ መፈተኛ እናገኛለን። ከሌላ ሰው የተቀበልነውን መተግበሪያ ኔትወርክ ባገኘን ቀን ከጉግል ፕሌይ ለማደስ መሞከር ነው። ዕድሳቱ በደህና ካለፈ ማኅተሙ የባለቤቱ ነው። ቦታ ሳይጠብና ኔትወርክ ሳይቋረጥ በተደጋጋሚ እምቢ ካለ ወይም መተግበሪያው በጉግል ፕሌይ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ግን መጠርጠር ይገባል።

«የተሻሻለ» እየተባሉ የሚዞሩት የዋትስአፕ ዓይነቶች ይህን ፈተና ከቶ ሊያልፉ አይችሉም፤ የሠራቸው ዋትስአፕ አይደለምና። ብዙ ወጣት የሚወዳቸው የተሰረዘ መልእክት ስለሚያሳዩና ቀለማቸው ስለሚቀያየር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ኤፍኤም ዋትስአፕ በተባለው ዓይነት አንድ ዕትም ውስጥ ትሪያዳ የተሰኘ ጎጂ ፕሮግራም አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዮዋትስአፕ በተባለው አንድ ዕትም ውስጥ የዋትስአፕን አካውንት ለመጠቀም የሚያስችሉ ቁልፎችን የሚሰርቅ ኮድ መኖሩን ይፋ አደረገ። ቁልፉ በእጁ የገባ ሰው በሌላው ስም ለወዳጅ ዘመድ «ገንዘብ ላክልኝ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ከእጅ ወደ እጅ የመቀባበል ሌላው ጉዳት እርጅና ነው። ዋናው መተግበሪያ ቢሆንም እንኳ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ የቆየ ዕትም ነው፤ ቀዳዳው ከታወቀና ከተደፈነ በኋላም ያልተደፈነው መዞሩን ይቀጥላል። ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ በወረደው በሼርኢት ላይ ትሬንድ ማይክሮ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የተጠቃሚውን መረጃ ሊያሾልክ የሚችል ጉድለት ይፋ አድርጎ ነበር፤ ኩባንያውም ጉድለቱን ማረሙን አስታውቋል። እርማቱ የሚጠቅመው ግን አዲሱን ዕትም ለጫነ ሰው ነው።

ካርቶኑ ሳይከፈት

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስልኩ ራሱ ንጹሕ ነው በሚል ግምት ነው። ግምቱ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ያሳየው የቴክኖ ደብልዩ 2 ጉዳይ ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ምርቶች ናቸው፤ ኩባንያው ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ ፋብሪካ አለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ድርጅት በደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ከሽያጭ በፊት የተጫነ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባለ ሌላ ጎጂ ፕሮግራም ማግኘቱን አሳወቀ። ችግሩ በብዛት ከታየባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብጽ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ተጠቅሰዋል። ከመጋቢት 2019 ወዲህ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመነጩ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተመዝግበዋል።

ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ትሪያዳ በስልኩ ሥር ተደብቆ ኤክስሄልፐርን ያወርዳል፤ ኤክስሄልፐር ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ ለሚሰጡ አገልግሎቶች የምዝገባ ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ ሂሳቡ ከሞባይል ካርዱ ላይ ይቆረጣል። ገንዘቡ ጥቂት በጥቂት ስለሚሄድ ባለቤቱ «ካርዴን በላው» ብሎ ቴሌን ይረግማል እንጂ ስልኩን አይጠረጥርም። ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ስሙ ያልተገለጸ አቅራቢ ነው ብሏል፤ ለትሪያዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018፣ ለኤክስሄልፐርም በ2019 መጨረሻ ማስተካከያ ማዘጋጀቱንም ገልጿል። የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ርካሽ ስልክ የሚገዛው ድሃ ነው፤ ማስተካከያ ለማውረድ ጥቅል የሚያጥረውም እርሱው ነው። መድኃኒቱን በሽተኛው በራሱ ወጪ ይፈልገው ማለት ፍትሐዊ አይመስለንም።

ስለ ቪፒኤንም ጥቂት እንበል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ ብዙ ሰው ነፃ ቪፒኤን ጭኗል። ቪፒኤን የስልኩን የኢንተርኔት ጉዞ በሙሉ በራሱ ኮምፒዩተር በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚላከውን መልእክት በምሥጢር ስለሚያሽግ የቪፒኤኑ ባለቤት የምንጽፈውን ባያነብም፣ ወዴት እንደምንሄድና መቼ እንደሄድን ማየት ይችላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎችን የመተግበሪያ አጠቃቀም ለባለቤቱ ሲሰበስብ ቆይቶ፣ በ2018 ከአፕል መደብር ተወገደ፤ በ2019ም ተዘጋ። ገደቡ ካበቃ በኋላ ቪፒኤኑን ሳያጠፋ የቀረ ሰው ያለ አንዳች ጥቅም በሰው ግቢ እያቋረጠ ይጓዛል።

በሕግ በኩል በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃን የሚሰበስብ ሁሉ የባለቤቱ ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሠሪው ማን እንደሆነ በማይታወቅ፣ በቴሌግራም በተለቀቀ ፋይል ላይ ግን አዋጁን ማስፈጸም አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ወደ ስልካችን እንመለስ። ከእ.ኤ.አ. 2017ቱ አንድሮይድ 8 ወዲህ «ካልታወቀ ምንጭ» የመጫን ፈቃድ የሚሰጠው ለቴሌግራም ለብቻው፣ ለዜንደር ለብቻው ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ እስኪነፈግ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መዝጋት አንድ ደቂቃ አይወስድም። የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ግን ከቶ ከእጅ ወደ እጅ ሊወሰድ አይገባውም፤ ለእነርሱ ሲባል ጥቅል መግዛት ይገባል።

ስልኩ ቀድሞ ከተበከለስ? ኤክስሄልፐርን የመሰለው ጎጂ ፕሮግራም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መመለስ አያጠፋውም። ጥገና ቤት ወስዶ ፍላሽ ማስደረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለሙያው የሚጭነው የሲስተም ፋይልም ከሆነ ቦታ የወረደ ነውና ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕድሳት የማያገኝ አሮጌ ስልክ ከሆነ የቴሌብሩን ሲም ካርድ ከውስጡ አውጥቶ በተራ ባለቁልፍ ስልክ ላይ መክተት ይሻላል። ባለቁልፍ ስልክም ፍጹም ከአደጋ የራቀ ነው ማለት ባይቻልም፣ *127# ደውሎ ገንዘብ ለመላክ አንድም መተግበሪያ መጫን አያስፈልግም።