ኩባያው፣ ድስቱና የበሩ መቀርቀሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ሞዴስ የሚሸጥ ሱቅ ብዙውን ጊዜ አሮጌ ጋዜጣ ወይም ጥቁር ፌስታል አያጣም። ዕቃው ተጠቅልሎ ይገዛል፣ ተጠቅልሎም ይጣላል። የት እንደሚጣል ግን እምብዛም አይወራም። ከተማዋ ድሪም ላይት የተባለ የግል ቆሻሻ ሰብሳቢ ካየች ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር አብሮ እንዳይታይ የምትሳቀቅ ሴት ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ትጥለዋለች። አብዛኛው ክፍሉ ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አይበሰብስም፤ ጉድጓዱ ሞልቶ መምጠጫ መኪና በተጠራ ቀን ቱቦ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን ያገደው አዋጅ መጠቅለያውን ነክቶ የተጠቀለለውን ተወው።

ለዚህ መፍትሔ ተብላ የምትቀርበው ከሲሊኮን የተሠራች፣ ደወል የመሰለች ትንሽ ኩባያ ናት። አዲስ ግኝት አይደለችም፤ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሊዮና ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1937 የፈጠራ መብት አውጥታባታለች። ታጥፋ ወደ ብልት ትገባለች፣ ውስጥ ትከፈታለች፣ ደሙን ሳትመጥ ትይዛለች፤ እስከ 12 ሰዓት ልትቆይ ትችላለች። የአንድ ወር ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ስለማይሞላ፣ መጠኗ ትንሽ መሆኑ አያስጨንቅም። በአግባቡ ከተያዘች እስከ 10 ዓመት ታገለግላለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ የወጣ ግምገማ 43 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ከሞዴስ የበለጠ እንደማታፈስ፣ ከሞከሯት ሴቶችም 70 በመቶ ያህሉ ሊቀጥሉባት እንደፈለጉ ዘግቧል። በአገራችንም ሣራ ኤክሉንድ የመሠረተችው ኖብል ካፕ ይህችኑ ኩባያ ይዞ ቀርቧል።

ኩባያዋ እንደምትሠራ አልጠራጠርም። የማያሳምነኝ የእደላው ቅደም ተከተል ነው። በጎ አድራጊ ሁሉ ኩባያዋን ሲያስብ ዓይኑ ፊት የምትመጣው ድሃዋ የገጠር ተማሪ ናት።

እስቲ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ፣ ወይም ዘጌ ቡና ሥር ያለች አንዲት ልጅ እናስብ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ነው፤ እሷ ግን እጇን ታጥባ ኩባያዋን የምታወጣበት፣ ከውስጥ የሚቀረቀርና ውኃ የገባለት ክፍል የላትም። ከሐይቁ በጀሪካን የተቀዳ ውኃ ሳይፈላ አይታመንም። ኩባያዋም ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ስትሸጋገር ለ5 ደቂቃ ያህል መቀቀል አለባት። በማን ድስት? በየትኛው እሳት? እናት ወይም አማት ባለችበት ጓዳ «ምን ጥደሽ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልጋል። ከሐይቁ በስተሰሜን በደምቢያና በጎንደር ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ከቤት ወጥተው ለብቻቸው ጎጆ ይቀመጡ ነበር። መገለል ነው፤ ቢሆንም ያ ጎጆ የሴቶች ብቻ ነበር። የዛሬዋ ልጅ ከቤት አትወጣም፣ ገለል የምትልበትም የላትም።

ሌላው ጥያቄ በሹክሹክታ የሚመጣው ነው፦ «ድንግልናዬስ?» ኩባያዋ የድንግልናን ስስ ሽፋን ልትለጥጠው ወይም ልትቀድደው ትችላለች፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ልጅቷን ማታለል ነው። ድንግልና የሕክምና ጉዳይ አይደለም ቢባልም፣ በሠርግ ማግሥት የሚጠየቀው ሐኪሙ ሳይሆን እሷ ናት። ሉፕ ያስገባች ሴትም ሉፑ ተስቦ እንዳይወጣ አስቀድማ ባለሙያ ማማከር አለባት። ቤተ ክርስቲያን መግባትን በተመለከተ ደግሞ ኩባያዋ የምትለውጠው ነገር የለም፤ ሥርዓቱ የሚያየው ጊዜውን እንጂ ዕቃውን አይደለም።

ኬንያም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ሲያያ ውስጥ፣ 30 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች ኩባያ፣ ለሌሎች ሞዴስ ተሰጥቶ፣ የቀሩት በለመዱት እንዲቀጥሉ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት ለለጋሾች የሚመች አልሆነም፤ ኩባያዋ ትምህርት ማቋረጥን አልቀነሰችም። በሌላ በኩል የአባላዘር ኢንፌክሽን ኩባያ ወይም ሞዴስ በተሰጣቸው ልጆች ላይ ሁለቱም ካልተሰጣቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የመልመዱ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ወር በእርግጥ የተጠቀሙባት ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ ዓመቱ ሲሞላ አብዛኞቹ ለምደዋታል። ያለ አስተማሪ ሰጥቶ መሄድ ሳጥን ውስጥ የምትቀር ኩባያ ማከፋፈል ነው።

ለደቅና ለዘጌ ልጅ የሚቀርበው መቐለ ውስጥ የተጀመረው ሥራ ይመስለኛል። ፍሬወይኒ መብራህቱ በማርያም ሰባ ፋብሪካ ታጥቦ እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል የጨርቅ ሞዴስ አምርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። በቀጣዩ ዓመት የትግራይ ጦርነት መጣና ሥራው ተስተጓጎለ። እርግጥ ጨርቁም ውኃ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ መሰጣትም አለበት፤ ነገር ግን ሌሎች ልብሶች መሐል ሊሰጣ ይችላል፣ ድስትም አይጠይቅም።

ኩባያዋን በቅድሚያ ልትሞክራት የምትችለው ከተማ ያለችው ናት፦ ቧንቧና ቁልፍ ያለው መታጠቢያ ያላት የባንክ ሠራተኛ፣ የሆቴል ሒሳብ ያዥ፣ ነርስ። ለእሷ አስቸጋሪው ገንዘቡ አንዴ መውጣቱ ነው፤ ለሞዴስ በየወሩ በጥቂቱ የምትከፍለውን እዚህ በአንድ ቀን ትከፍላለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 ወደ 10 በመቶ አውርዷል። ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ከዚያ ያነሰ ቢጠየቅ አይበዛበትም።

ለእደላ የተዘጋጀ ኩባያ ካለም የመጀመሪያዎቹን ለአዋላጅ ነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መስጠት ይሻላል። ለዓመት ይጠቀሙባት፤ የማይመቻቸው ይተዋት። ከዚያ በኋላ ዘጌ ያለችው ልጅ «ያማል?» ብላ ስትጠይቅ፣ የምትመልስላት ሴት ከወረቀት አታነብላትም።