ውድ ቢላዋ ምን ያህል ይችላል?

ሪያድ የምሠራ የብረታ ብረት መሐንዲስ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ወደ ቱማማ በረሃ የሚወጡ ወገኖች «ይህን ሁሉ ብር ከፍዬ ጫፉ ለምን ተሰበረ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ውድ ቢላዋ አይሰበርም ያላችሁ ማነው?

ስለቱ እንዲቆይ ብረቱ በጣም እንዲጠነክር ይደረጋል፤ አብዛኞቹ በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ56 እስከ 62 ናቸው። ጥንካሬው በጨመረ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። በግ ለመበለት፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ እንጨት ለመጥረብ አትሳሱለት፤ የተገዛው ለዚያ ነው! ቆርቆሮ መፈልቀቅ ግን ሥራው አይደለም። የሚሰበረው ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ነው።

ጀርባውን እየመቱ እንጨት መፍለጥስ? ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ከዘለቀና ወፈር ካለ፣ እንጨቱም ቀጭን ከሆነ፣ በዱላ እየመታችሁ ይቻላል። በድንጋይ ወይም በመዶሻ አይሆንም። ታጣፊ ሴንጢ ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት። (የቆመ ዛፍ መቁረጥ እዚህ አገር በሕግ ያስቀጣል፤ ማገዶ ገዝታችሁ ውጡ።)

ፍም መቆስቆሻም አታድርጉት። ብዙው የካርቦን ብረት ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ ስለቀዘቀዘ አይመለስም። አሸዋ ውስጥ መሰካትም ያው ነው፤ አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ስለቱን ይበላዋል።

የእናንተ ምን ዓይነት ነው? ብረቱ ላይ የተጻፈውን ላኩልኝ፣ የምችለውን እመልሳለሁ።