እንፋሎት ፍለጋ በፋብሪካ ደጅ

የጂኦተርማል ኃይል ከከርሰ ምድር በእንፋሎት ወይም በፍል ውሃ የሚወጣ ሙቀት ነው። ለኤሌክትሪክ የሚበቃው ዓይነት እንዲገኝ ቅርብ ያለ ትኩስ አለት፣ ውሃ የሚዘዋወርበት ስንጥቅና ሙቀቱን ከላይ አፍኖ የሚይዝ የሸክላ ክዳን አንድ ቦታ መገጣጠም አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ቁፋሮው ከንቱ ድካም ይሆናል።

በዚህ መለኪያ ከላላና መካነ ሰላም ያሉበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ተስፋው ቀጭን ነው። አምባው የተደረበው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ሲሆን፣ ያን ያፈሰሰው እሳት ከበረደ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ምድር ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ጥልቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢጨምር ነው። በገደሉ ሥር ለብ ያለ ምንጭ ቢታይ፣ በስንጥቅ ወርዶ፣ ጥልቀቱ አሙቆት የተመለሰ የዝናብ ውሃ ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ ከሥሩ የቀለጠ አለት አለ አያሰኝም። ይህን ለነዋሪው አስቀድሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ መሣሪያ የጫነ መኪና ባየ ቁጥር መብራት ሊመጣ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለና።

ምድሩ የሚለወጠው በምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር በሚሰበርበት ጠርዝ ነው። የቦርከና ሸለቆ ፍል ውሃ አለው፤ በአናቱ ያለችው ኮምቦልቻም ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳና ቢራ ፋብሪካዎች ያሏት፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ናት። ፋብሪካ ደግሞ ከመብራት ሌላ ሙቀት ራሱን ይፈልጋል። ቢራ በጠርሙሱ እንዳለ በ60 ዲግሪ አካባቢ ከተህዋስያን ይጸዳል፤ የጨርቅ ማቅለሚያም ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ይበቃዋል። ስለዚህ በዚህ ጠርዝ ፍለጋው ከተርባይን ይልቅ ቦይለርን ቢያስብ ይሻላል። በኒውዚላንድ ካዌራው የወረቀት ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የምድር እንፋሎት ተጠቅሟል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከእረኞችና ከአገር ሽማግሌዎች ነው። አመዳይ የማይጥልበትን መሬት፣ በንጋት ብርድ ጭስ የሚመስል እንፋሎት የሚነሣበትን ጥግ ያውቃሉ። ቀጥሎ የምንጩ ውሃ ይቀዳል። ቴርሞሜትሩ የሚገባው ውሃው በሚፈልቅበት ዓይን ላይ እንጂ ሰው በሚታጠብበት ገንዳ ውስጥ አይደለም። አንዱ ጠርሙስ ተጣርቶ ጥቂት አሲድ ይጨመርበታል፣ በውስጡ ያለው ማዕድን እንዳይዘቅጥ፤ ሌላው ማዕድን በሌለው ንጹሕ ውሃ ይቀጥናል፣ ሲሊካው እንዳይረጋ። ሲሊካ ትልቅ ምስክር ነው፦ ውሃው በጥልቀት በጋለ ቁጥር አብዝቶ ያሟሟዋል፣ ፈጥኖ ከወጣም ይዞት ይመጣል። ከፍታም አይዘነጋም። ከ2,500 ሜትር በላይ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላው ይንተከተካል፤ መንተከተኩ ብቻ 100 ዲግሪ ደርሷል አያሰኝም።

ከዚያ የማግኔቶቴሉሪክ ልኬት ይከተላል። የምድር የተፈጥሮ ማግኔትና ኤሌክትሪክ ለውጥ ተመዝግቦ፣ ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያሳልፈው የሸክላ ክዳን የት እንዳለ ይፈለጋል። ፋብሪካ አጠገብ ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር፣ ሞተርና የውሃ ፓምፕ ደካማውን የምድር ድምፅ ይውጡታል። ባለሙያው መሣሪያውን ራቅ ብሎ ይተክላል፣ ሌሊቱን ያስቀዳል፣ በጸጥተኛ ሥፍራ ከተተከለ ሌላ መሣሪያ ጋርም ያመሳክራል። የማግኔቱን ለውጥ የሚለካው የሽቦ ጥቅልል ባሕር ዛፍ ሥር አይቀበርም፤ ነፋስ ዛፉን ሲወዘውዝ ሥሩ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ መዝገቡም ይበላሻል። የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ምንጭም ለኬሚስትሪው አይታመንም።

ቁፋሮ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተስማማ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ጥናቱ በእ.ኤ.አ. 1969 ተጀምሮ፣ በአሉቶ ላንጋኖ ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ተገኘ። ከስምንቱ አገልግሎት ሊሰጡ የቻሉት ከፊሎቹ ብቻ ነበሩ፣ 7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ የተተከለውም ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ያ እንግዲህ በእሳተ ገሞራ ላይ ነው። በኮምቦልቻ ጠርዝ ዝቅ ያለ ሙቀት መጠበቅ፣ ከጥልቁ ጉድጓድ በፊትም በርካሽ ጠባብ ጉድጓዶች ሙቀቱ በየጥልቀቱ እንዴት እንደሚጨምር መለካት ተገቢ ነው።

ሙቀቱን የሰጠው ውሃ ደግሞ ወደ ወንዝ አይለቀቅም። ቦሮን፣ ፍሎራይድና አርሴኒክ ሊይዝ ይችላል፣ በቦርከና ዳር ያለው ገበሬ ደግሞ በዚያው ወንዝ ያጠጣል። ወደመጣበት የሚመልሰው ሌላ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ገና በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ይሰላል።